የዓለም ፍጻሜ ቀን ተቀጥሮ ሲያልፍ ምን ይሆናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2017 ታኅሣሥ እና ጥር ከአፋር በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ደብረ ብርሃን ያለን ሰዎችም ተሰምቶናል። ሌሊት ከአልጋችን ተነሥተን ደጅ ያደርንበት ቀን አለ። በማግስቱ ቡና ላይ ወሬው አንድ ነበር፦ «ስምንተኛው ሺ ማለት ይኸው ነው።»

በዚያው ሰሞን ባሕታዊ ነኝ የሚል ሰው ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ እየዞረ የዓለም መጨረሻ የሚሆንበትን ቀን ቆርጦ ተናገረ። የአክስቴ ባል፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ከሁለት በሬያቸው አንዱን ሸጡ። «ለማን ብዬ ነው የማርሰው?» አሉ። ቀኑ መጣ፣ አለፈ። ሰውየው ተመልሶ «በጸሎታችሁ ተራዘመ» አላቸው። ጋሼም አመኑት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፣ የአብነት መምህራንንም ጠይቄያለሁ። ከሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር የሚገጥሙኝን የተሳሳቱ ሐሳቦች እዚህ ላንሣቸው።

«ቀኑ ሲያልፍ አማኙ ይበተናል»

እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚያሳየው።

አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ ነበር። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን 2300 ቀን እንደ 2300 ዓመት ወስዶ ከልደተ ክርስቶስ በፊት ከ457 ጀምሮ ቆጠረ። ስሌቱ 1843 እና 1844 ላይ አደረሰው (በዚህ ጽሑፍ የውጭ ታሪኮች ቀንና ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በመጨረሻ ተከታዮቹ ጥቅምት 22፣ 1844ን ቆርጠው ያዙ። ድንቻቸውን ከመሬት ሳያወጡ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ጠበቁ። ነጋ። ያን ቀን እስከ ዛሬ «ታላቁ ሐዘን» እያሉ ያስታውሱታል።

ብዙዎች ተመልሰው ሄዱ። ጥቂቶቹ ግን በማግስቱ አዲስ መልስ አገኙ። ቀኑ ትክክል ነው፣ የተሳሳትነው የሚሆነውን ነገር ነው አሉ። ክርስቶስ በዚያ ቀን ወደ ምድር አልወረደም፤ በሰማይ ባለው መቅደስ አዲስ አገልግሎት ጀመረ አሉ። ከዚህ ሐሳብ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ወጥታ በ1863 ተቋቋመች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት አሏት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ቀኑ አልተነካም። የተለወጠው ክስተቱ ነው። በምድር የሚታይ ነበር፤ በሰማይ የማይታይ ሆነ። የይሖዋ ምሥክሮችም በ1914 ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። መጨረሻ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ዓመት፣ በኋላ ክርስቶስ በማይታይ ሁኔታ መንገሥ የጀመረበት ዓመት ሆነ። ከዚያ «1914ን ያየው ትውልድ አያልፍም» ተባለ። ያ ትውልድ እያረጀ ሲሄድ በ1995 የትውልድ ትርጉም ተለወጠ፤ በ2010 ደግሞ እርስ በርስ የሚደራረቡ ሁለት ወገኖች አንድ ትውልድ ናቸው ተባለ።

«ስምንተኛው ሺ ገና ሊገባ ነው»

ይህ የእኛው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላውራው።

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ስሌቱን በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። ዓመተ ዓለም፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዘመን፣ ማለት 5500 ሲደመር ዓመተ ምሕረት ነው። የ2018ን ውሰዱ፤ 7518 ይሆናል። ይኼኔ ለአራት አካፍለን፣ ሁለት ሲቀር፣ ዘመነ ማርቆስ ነው እንላለን። ግን ቁጥሩን ራሱን እዩት። 7000 የሞላው በ1500 ዓመተ ምሕረት ነው። ስምንተኛው ሺ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። የምንኖረው መሐሉ ላይ ነው።

5500ው ከየት መጣ? ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ነው፤ አንድ ቀን በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ሺህ ዓመት ስለሆነ። በሁለተኛው እና በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የሮሙ አቡሊዲስ፣ ሂፖሊጦስ የሚባለው፣ ይህንኑ ቁጥር ከቃል ኪዳኑ ታቦት ልክ አውጥቶታል። ሁለት ክንድ ተኩል፣ አንድ ክንድ ተኩል፣ አንድ ክንድ ተኩል፤ ድምሩ አምስት ተኩል። ዓለም በ6000 ትፈጸማለች ብሎ ስላመነ ከክርስቶስ ልደት በኋላ 500 ዓመት ቀርቷል አለ። 500 አለፈ። 6000ው አለፈና ዐይን ሁሉ ወደ 7000 ዞረ።

ሩሲያውያን በራሳቸው ቆጠራ 7000 የሞላባቸው በ1492 ነበር። የፋሲካ ማውጫ ሠንጠረዣቸው እዚያ ዓመት ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፋሲካ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? ዓመቱ ሲያልፍ የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ተቀምጦ ለስምንተኛው ሺ አዲስ ሠንጠረዥ አወጣ። ይህ ታሪክ በጣም ይነካኛል። ሰውየው ክርክር አልገጠመም፤ ሕዝቡ ቀጣዩን ፋሲካ የሚያከብርበትን ቀን ሰጠው።

እኛ ጋ 7000 ከሞላ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ የግራኝ አህመድ ጦርነት መጣ። በ1523 ዓመተ ምሕረት ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ያን ጭስ ያየ መነኩሴ «ይኸው ደረሰ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ዓለም ግን አላለቀችም። ስምንተኛው ሺም ቀስ በቀስ ከቀን ወደ ዘመን ተለወጠ። ዛሬ ልጅ አባቱን ሲሳደብ ያየ ሰው «አይ ስምንተኛው ሺ!» ይላል። ቀጠሮ መሆኑ ቀርቶ የጊዜው ጠባይ መጠሪያ ሆነ። ቀኑ ሲያልፍ ትንቢቱ ላይ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ይህ ይመስለኛል፤ ዘመን እንደ ቀን አያልፍምና።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው»

አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ጦርነት የሚያቆም፣ ፍትሕ የሚያሰፍን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ይላል። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ሲነግሥ ይህን ስም የመረጠው ትንቢቱን ሕዝቡ ስለሚያውቀው ነው። በዓመቱ ሸዋ ገባ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታሞ ሞተ፤ ልጁ ምኒልክ ተማርኮ ተወሰደ። ለሸዋ ሰው ያ ዘመን የሰላም ዘመን አልነበረም። በ1860 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲሞት ትንቢቱ አብሮት አልሞተም። «እሱ አልነበረም፣ እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ይመጣል» ተባለ። ዛሬም ይባላል። እዚህ ላይ ቀኑም ክስተቱም አልተነኩም፤ የተለወጠው ሰውየው ነው።

«በጸሎት ተራዘመ የሚል ሁሉ ሰበብ ፈላጊ ነው»

ጾመ ነነዌን የምንጾም ሰዎች ይህን በችኮላ ልንል አይገባም። ዮናስ ከተማዋ ትጠፋለች ብሎ ሰበከ። ሕዝቡ ከንጉሡ ጀምሮ ማቅ ለብሶ ጾመ። ከተማዋ ተረፈች፣ ዮናስም ተከፋ። ስለዚህ ሐሳቡ መሠረት አለው፤ እኛ ዘንድ ቶሎ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

ልዩነቱ ግን አለ። ዮናስ ዕቃህን ሽጥ አላለም። ከተማዋ ስትተርፍም ሌላ ቀን አልቀጠረም። ቀን እየቀጠረ፣ ባለፈ ቁጥር «ተራዘመ» የሚል ሰው መቼም ሊሳሳት አይችልም፤ ዋጋ የሚከፍለው ሁልጊዜ አድማጩ ነው። ጌታ ራሱ ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም ካለ፣ ቀን ቆራጩ ከየት አመጣው?

«ተከታዩ ያልተማረ፣ መሪው አጭበርባሪ ነው»

አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰባኪ ሃሮልድ ካምፒንግ ሲቪል ምህንድስና የተማረ ሰው ነበር። ግንቦት 21፣ 2011 ብሎ ቀጠረ። ሲያልፍ ፍርዱ በመንፈስ ተፈጽሟል፣ ምድር የምትጠፋው ጥቅምት 21 ነው አለ። ያም አለፈ። በ2012 መጋቢት ግን፣ በ90 ዓመቱ፣ መሳሳቱንና ቀን መቁረጡ ኃጢአት መሆኑን ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ከማሻሻያ መንገዶች ሁሉ ትንሽ ሰው የሚሄድበት ይህ ነው።

«የከሸፈ ትንቢት ሁሌም እምነትን ያጠነክራል»

ይህ ደግሞ የተማሩ ሰዎች ስሕተት ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ታኅሣሥ 21፣ 1954 የጥፋት ውሃ ይመጣል ያለ አንድ ትንሽ ቡድን አጥንቶ፣ ትንቢቱ ሲከሽፍ አማኞቹ ይበልጥ መስበክ ጀመሩ አለ። ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው አማኝ መስለው ቡድኑ ውስጥ ገብተው ነበር። ሌላ ቦታ ሌላ ነው የሚሆነው። የይሖዋ ምሥክሮች ብዙ ተስፋ ያደረጉበት 1975 ካለፈ በኋላ ለቀው የወጡ ብዙ ናቸው፤ በ1980 መጽሔታቸው ራሱ የታተመው ነገር ለዚያ ተስፋ አስተዋጽኦ እንደነበረው አምኗል።

«መሬት ከተንቀጠቀጠ፣ ሰማይ ላይ ነገር ከታየ፣ አለቀ ማለት ነው»

የማጀቴን ከተማ ጠይቁ። በ1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሷት ነበር። ዛሬም ከተማ ናት። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው፤ መሬቱ ከእኛም ከትንቢቱም በፊት ይንቀሳቀስ ነበር። ደብረ ብርሃንስ ስሟን ከየት አገኘች? ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ። ንጉሡ ብርሃኑን አይቶ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ከተማ ቆረቆረ።

«ቢያልፍስ ማን ተጎዳ?»

በ1856 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኖንግቃውሴ የምትባል ልጃገረድ ሙታን ይነሣሉ፣ አዲስ ከብት ይመጣል፣ ያላችሁን እረዱ የሚል ራእይ ተናገረች። የኮሳ ሕዝብ ወደ 400,000 የሚገመት ከብት አረደ። ቀኑ ሲያልፍ «ያላረዱት ሰዎች ናቸው ያበላሹት» ተባለ። በረሃብ ወደ 40,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያልታዘዘውን ጎረቤት መወንጀል፤ ይህ ከማሻሻያዎች ሁሉ ክፉው ነው።

ጋሼ ሕይወታቸው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አንድ በሬ ነው የቀራቸው። ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሱት፤ መጀመሪያ የጎረቤቱ ማሳ፣ ከዚያ የእሳቸው። ገብሱ ዘግይቶ ተዘራ። ባለፈው ስሄድ ያ ሰው ሌላ ቀን ይዞ ቢመጣ ምን ይሉታል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስለ ቀኑ አልጠይቀውም፣ ልጄ» አሉኝ። «ስለ በሬው ነው የምጠይቀው።»