ያገለገለ የቁፋሮ ማሽን ሲገዛ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

አነስተኛ የማዕድን ወይም የግንባታ ሥራ ላለው ሰው አዲስ ሪግ፣ ማለትም የቁፋሮ ማሽን፣ ብዙ ጊዜ ከአቅም በላይ ነው። ያገለገለ መግዛት ደግሞ ነውር የለውም፤ ደህና ዕቃ ይገኛል። ገንዘብ የሚያስበላው ገዢው ይዞት የሚሄደው ግምት ነው።

«ቆጣሪው ትንሽ ሰዓት ካሳየ ብዙ አልሠራም»

ቆጣሪ ይቀየራል፤ ገመዱም ይነቀላል። ትክክል ቢሆን እንኳ የሚቆጥረው ሞተሩ የዞረበትን ጊዜ ነው። ያለ ሥራ ተነስቶ የቆመበትንም፣ ጠንካራ ድንጋይ ሲደበድብ የዋለበትንም እኩል ይይዛል። አንዳንድ ሪጎች መዶሻው የመታበትን ሰዓት ለብቻው ይመዘግባሉ፤ ካለ እሱን ይጠይቁ። ከዚያ ቁጥሩን ከማሽኑ ጋር ያስተያዩት። ፔዳሉ ተበልቶ፣ ማንሻዎቹ ላልተው፣ ፒኖቹ እየተንቀጫቀጩ ቆጣሪው ጥቂት ሰዓት ካሳየ፣ የሚዋሸው ፔዳሉ አይደለም።

«ሞተሩ ቶሎ ተነሳ፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው»

ሻጩ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት አሙቆት ሊሆን ይችላል። ቀድመው ደውለው «እንዳታስነሱት» ይበሉ፤ ሲደርሱም መሞቅ አለመሞቁን ያረጋግጡ። በብርዱ ሲነሳ ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል። ነጩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ይጠርጥሩ።

ሃይድሮሊኩ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራው ክፍል፣ ግን ግልባጩ ነው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ወፍራም ስለሚሆን ያረጀ ፓምፕም ግፊት ይይዛል። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ነው ድካሙ የሚወጣው። ስለዚህ ሞተሩን በብርድ፣ ሃይድሮሊኩን በሙቀት ይፈትኑ። ማስቱን፣ ማለትም መቆፈሪያውን የሚይዘውን ምሰሶ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ ማሳየት ብዙም አይነግርዎትም። አንድ ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍር ቆመው ይዩ። ሻጩ «እዚህ መቆፈር አይቻልም» ካለ፣ በራስዎ ወጪም ቢሆን የሚቻልበት ቦታ ይፈልጉ።

«አዲስ ቀለም የጥሩ አያያዝ ምልክት ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን ማስቱ ላይ ያለ ስንጥቅና የብየዳ ጠባሳም በቀለም ይሸፈናል። ቀለሙ ሆዝና ላስቲክ ላይ ጭምር ከተረጨ ጥድፊያው ለሽያጭ ነው። እኔ የጥገና መዝገብ ያለው አቧራማ ማሽን ከሚያብረቀርቀው ይሻለኛል።

«አየር እስከሰጠ ድረስ ማንኛውም ኮምፕረሰር ይሠራል»

ኪስ ክፉኛ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ የሚመታ መዶሻ፣ በተለምዶ ዲቲኤች የሚባለው፣ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ግፊቱ ለምቱ ነው፤ የአየሩ መጠን ደግሞ ፍርስራሹን ወደ ላይ ለማውጣት። በሮዱ (መዶሻውን ይዞ ወደ ታች በሚወርደው የብረት ዘንግ) እና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል አየሩ በሴኮንድ 15 ሜትር ገደማ ካልወጣ ፍርስራሹ ታች ይቀራል። ቢቱ፣ ማለትም ድንጋዩን የሚሰብረው ጫፍ፣ የፈጨውን መልሶ ይፈጫል፤ ሲብስም ሮዱ ተይዞ ይቀራል። ግፊቱ በቂ ሆኖ መጠኑ ያነሰ ኮምፕረሰር ሲነሳ ድምፁ ያማልላል፤ ጉዱ የሚወጣው ጉድጓዱ ሲጠልቅ ነው። ቀጭን ሮድ በሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፍተቱ ስለሚሰፋ የሚያስፈልገው አየር ይጨምራል። ስለዚህ የጉድጓዱን ስፋት፣ የሮዱን ውፍረትና ጥልቀቱን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። የሥራውን ቦታ ከፍታም አይርሱ። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አቅም እዚያ አይጠብቁ።

«ሮዶቹ በምርቃት ተጨመሩልኝ»

መጋጠሚያ ጥርሱ የተበላ ሮድ ከአዲስ ጋር ሲታሰር አዲሱንም ይበላዋል። ለኮር ቁፋሮ፣ ማለትም ድቡልቡል የድንጋይ ናሙና (ኮር) ለሚወጣበት ቁፋሮ፣ ከሆነ መጠኑንም ይለኩ፦ ኤንኪው የሚባለው መጠን 75.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ 47.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮር ያወጣል፤ ኤችኪው የሚባለው 96 ቆፍሮ 63.5። የተደባለቀ ክምር ከሆነ ዋጋ አይስጡት።

«መለዋወጫ የትም ይገኛል»

ከመክፈልዎ በፊት ሴሪያል ቁጥሩን ይዘው የፓምፕ፣ የሲልና የማዞሪያ ራስ ዋጋ ይጠይቁ። የሚደርስበትን ጊዜም ጭምር። ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳ ተነቅሎ ወይም ተፍቆ ከሆነ ትክክለኛውን መለዋወጫ ማዘዝ ያስቸግራል፤ የተሰረቀ ሊሆንም ይችላል። እኔ ብሆን ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም።