ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

መዋጮ በሚሰበሰብበት ሁሉ ይህ አባባል አይቀርም። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ የሰፈር መንገድ ሥራ፣ አሁን አሁን ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ። «ያው ሃምሳ ሎሚ ነው እንግዲህ» ይባላል። ሁሉም ይገባዋል፣ ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። ትርጉሙ እዚህ ላይ ካበቃ ግን ግማሹ ቀረ።

እስቲ ሎሚዎቹን ልብ እንበላቸው። የእኛ ሎሚ ትንሽ ናት። ሃምሳው ተደምሮ ሦስት ኪሎ ቢሞላ ነው። ለአንድ ጤነኛ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? የሚያስቸግረው አያያዙ ነው። እጅ አይበቃውም። በክንድ ቢያቅፉት ይንከባለላል። አንዱን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ሦስቱ ይወድቃሉ። ማኅበር መርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ደብዳቤው፣ አዳራሹ፣ የባንክ ፊርማው፣ የቀረውን አባል መደወሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ነው።

ጌጥ የሚለውስ? እሱ የበዓል ነገር ነው። ጥምቀት ላይ ሎሚ ይዞ መውጣት የቆየ ወግ ነው። ጎረምሳው ልቡ የከጀላትን ልጅ ደረቷን በሎሚ ይመታል። አንዲት ሎሚ እጅ ላይ ስትሆን ታምራለች፣ ትሸታለች፤ ሰውየው ለበዓሉ ተሰናድቶ እንደወጣም ታስታውቃለች። ስለዚህ አባባሉ «ተካፈሉ፣ ይቀልላችኋል» ብቻ አይልም። ድርሻ የደረሰው ሰው አጊጧል ይላል። ሥራ የሰጡት ሰው ክብርም ተሰጥቶታል።

ይህ ሁለተኛው ግማሽ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ በበጎ አድራጎት ክለቦች ታሪክ ውስጥ ነው፤ በተለይ በሮታሪ። እ.ኤ.አ. በ1905 ጠበቃው ፖል ሃሪስና ሦስት ወዳጆቹ ቺካጎ ውስጥ ሲጀምሩት ስብሰባው በየተራ በአባላቱ መሥሪያ ቤት ይደረግ ነበር፤ ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር። ስሙም ከዚሁ መዞር የመጣ ነው። ዓርማው መጀመሪያ ተራ የጋሪ እግር ነበር፤ በኋላ 24 ጥርስ ያለው ማርሽ ሆነ። መሐሉ ላይ ከዘንጉ ጋር የሚያያዝባት ትንሽ ቁርጥ አለች። እሷም ኋላ የተጨመረች ናት፤ ያለ እሷ ማርሹ ከዘንጉ ኃይል አይቀበልምና። አባላቱ ይህን ዓርማ በፒን መልክ ኮታቸው ላይ ይሰኩታል።

ፒኑ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ለረጅም ዘመን ሴት አባል አትሆንም ነበር። ሴቶቹ ከሥራው ግን አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ1924 የአባላቱ ሚስቶች ማንቸስተር ውስጥ ኢነር ዊል የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዓርማቸው በመንኮራኩሩ ውስጥ ያለ ሌላ መንኮራኩር ነው። ሸክሙ የጋራ፣ ጌጡ የባል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ የዱዋርቴ ከተማ ሮታሪ ክለብ አባላቱ ሲመነምኑበት ሦስት ሴቶችን አስገባ። በዓመቱ ዓለም አቀፉ ድርጅት የክለቡን ፈቃድ ነጠቀ። እነሱ ምን አደረጉ? መሰብሰባቸውን አላቆሙም። ራሳቸውን «የቀድሞው የዱዋርቴ ሮታሪ» ብለው በመንኮራኩሩ ላይ ኤክስ የተሰመረበት ፒን አሠርተው አደረጉ። ከታሪኩ ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰው ይሄ ነው። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1987 ክለቡ ረታ። ርዕሰ መምህርቷ ሲልቪያ ዊትሎክም በዚያው ዓመት የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1989 ደንቡ ለዓለም ሁሉ ተለወጠ። የዓለም አቀፉን ወንበር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው ግን በ2022 ነው፤ ካናዳዊቷ ጄኒፈር ጆንስ ናቸው። በሩ ከተከፈተ ከ33 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሮታሪ ውስጥ ፕሬዚዳንት በየዓመቱ ይቀየራል። አዲሱ ዓመት የሚጀምረው በእኛ ሰኔ 24 ነው። የሥልጣን ርክክብ ላይ የአንገቱ ሐብል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ከሐብሉ ይልቅ ሌላ ሌላውን አያለሁ። ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ዘንድሮም ያቺው ልጅ ናት? ወንበር የሚሸከሙት ወጣቶች አንዴስ ማይክ ይዘው ያውቃሉ? አንዳንድ ሰብሳቢ «ሃምሳ ሎሚ ነው» የሚለው ወንበር ሲነሳ ብቻ ነው። ፎቶ ሲመጣ ሃምሳውም ሎሚ የሱ ነው።

አንድ የማውቀው ክለብ ይህን በቀላል ዘዴ ቀየረው። ሪፖርት የሚያቀርበው ቦታው ድረስ የሄደው ሰው ነው ተባለ፤ ሊቀመንበሩ አይደለም። የውኃ ሥራው ተራ ሲደርስ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ተነሳ። ስለ ክለቡ አንድም አላለም። የቦኖውን ቁልፍ ማን እንደያዘው፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቱቦው የቱ ጋ እንደሚያፈስ ተናገረ። በሚቀጥለው ወር ሪፖርት አቀርባለሁ ብለው የተመዘገቡት አምስት ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥያቄ ይጠይቁ ነበር።