«ጭድ ይበሰብሳል» ለምትሉኝ

ዳንቴል ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ኪሮሽን ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ የማስተምረው ግን የአውሮፓውያኑን፣ በቀሰም የሚሠራውን ነው። ክሩ ትንንሽ የእንጨት ቀሰሞች ላይ ይጠነጠናል። ቀሰሞቹን እያጠላለፍን የወጣውን ሁሉ ትራስ ላይ በስፒል እንወጥራለን። ስፒሉ ከተነቃነቀ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ለዚህ ነው ትራሱን ጭድ የምሞላው፤ ተማሪዎቼ ግን ይከራከሩኛል።

«የመኝታ ትራስ ይበቃል።» አይበቃም። የዳንቴል ትራስ በቡጢ ሲመቱት እጅ ማሳመም አለበት።

«ጥጥ ቢሞላስ?» ጥጥ ይለሰልሳል፣ ስፒሉም ይዘማል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ጭድ ይበሰብሳል፣ ፎም ይሻላል» የማትለኝ ተማሪ የለችም። እንግሊዝ አገር ዳንቴል ሠሪዎች ትራሳቸውን ጭድ እየጠቀጠቁ ነው የኖሩት። ጭድ ስፒል ሲገባበት ገለል ይላል፣ ሲወጣ ተመልሶ ይገጥማል። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። አንዷ ተማሪዬ እሱን ቆርጣ የቀሚስ ጠርዝ ጀመረችበት። ጠርዝ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መውጋት ነው። በሦስተኛው ወር መሀሉ ወንፊት ሆነ፤ ስፒሎቹ ተንጋደዱ፣ አበባው ሁሉ ተጣመመ። አንድ ክንድ ያህል ሥራ ጣለች። እሷ ስታለቅስ እኔም አንጀቴ ተላወሰ።

ጭድ የሚበሰብሰው እርጥበት ሲያገኘው ነው። የኔ ትራስ ዘጠኝ ክረምት አልፎታል። ክረምት ላይ መሬት አላስነካውም፤ መደርደሪያ ላይ ነው የሚያድረው።

የስንዴ ጭድ ከአውድማ ውሰዱ። የጤፉ ለምርጊት ይሁን፣ ለኔ ልሟል። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ከዚያ አቧራውንና ፍሬውን አራግፉ። ፍሬ ከቀረበት አይጥ ትራሱን ቀዳ ትገባለች፤ ደርሶብኛል። ከረጢቱን በድርብ አቡጀዲ ስፉ። ጭዱን እፍኝ እፍኝ እየጨመራችሁ በዘነዘና ጠቅጥቁ። ሞላ ስትሉ ገና ግማሹ ነው፤ እኔ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። በመጨረሻ ጠቆር ያለ ልሙጥ ጨርቅ አልብሱት፣ ነጩ ክር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

«ስፒል ሁሉ አንድ ነው» የምትሉም አላችሁ። ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ግዙ። የዛገ ስፒል ነጭ ክር ላይ የሚተወውን ነጥብ በረኪናም አያስለቅቅላችሁ።