ተለጥጦ ወይስ ተሰብስቦ? የጭን ጡንቻ የሚጠነክርበት ማዕዘን

አማርኛ ለመገጣጠሚያውም ለብርታቱም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ጉልበት። እዚህ ሁለቱም ይነሳሉ፣ ግራ እንዳትጋቡ።

ጂም ገብታችሁ ስኳት የሚሠራበት ጋ ትንሽ ቆም በሉ። አንዱ ብረቱ ላይ ግራና ቀኝ ኪሎ ይደረድርና ጉልበቱን አንድ ስንዝር ሸብረክ አድርጎ ይመለሳል። አጠገቡ ያለችው ልጅ የእሱን ግማሽ እንኳን ሳትጭን መቀመጫዋ ተረከዟን ሊነካ እስኪደርስ ቁጢጥ ብላ ትነሳለች። ሁለቱም ጭን እየሠሩ ነው። ግን የእሱ የፊት ጭን ሰብሰብ እንዳለ ነው የሚሠራው፣ የእሷ ደግሞ በደንብ ተለጥጦ። ልዩነቱ ከኪሎው አይተናነስም።

ጉልበትን የሚዘረጉት የፊት ጭን ጡንቻዎች አራት ናቸው። ጉልበት ሲታጠፍ ይለጠጣሉ፣ ሲዘረጋ ያጥራሉ። የኋላዎቹ ተቃራኒ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ዳሌንም ስለሚሻገሩ ወገብ ጎንበስ ሲልም ይለጠጣሉ። ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ከመሬት ካልሲ ለማንሳት ስታጎነብሱ ከኋላ ጨምድዶ የሚይዛችሁ እሱ ነው።

የጡንቻ ርዝመት ለምን ለውጥ ያመጣል? የሁለት እጅ ጣቶቻችሁን እርስ በርስ አስገቡ። ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እንደዚያ ተጠላልፈው ነው የሚጎተቱት። ከልክ በላይ ሲገቡ ይጨናነቃሉ፣ ከልክ በላይ ሲራራቁ መያዣ ያጣሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. ጎርደን፣ ሃክስሌይና ጁሊያን ይህንን በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ለክተው አሳዩ። ለዚህም ነው ጉልበትን የመዘርጋት ኃይል መሃል ላይ፣ ማለትም እግር ሙሉ ለሙሉ ሲዘረጋ ዜሮ ብለን ብንቆጥር ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲታጠፍ፣ ከፍ የሚለው።

ይህ የአንድ ቀን ልኬት ነው። ለሳምንታት ሲሠራ የሚመጣው ለውጥ ሌላ ታሪክ ነው፣ ለእኔ ደስ የሚለውም እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ጥናት ሰዎችን 12 ሳምንት ጉልበታቸውን ሳያንቀሳቅሱ እንዲገፉ አደረገ፤ አንደኛው እግር 50 ዲግሪ ታጥፎ፣ ሌላው 100። የጡንቻው መጠን በሁለቱም ተቀራራቢ ሆኖ ጨመረ። በ50 ዲግሪ የሠራው እግር ግን የጠነከረው እዚያው ማዕዘንና አካባቢው ላይ ብቻ ነበር፣ ተለጥጦ የሠራው ግን በተለካበት ማዕዘን ሁሉ። ጅማቱም ጠጠር ብሎ ተገኘ።

የኋላ ጭን ላይ ውጤቱ በመጠንም ታየ። በ2021 የወጣ ሌላ የጃፓን ጥናት እዚያው ሰው ላይ አንዱን እግር ተቀምጦ፣ ሌላውን በሆድ ተኝቶ ሌግ ከርል (ማሽን ላይ ክብደት እየሳቡ ጉልበትን ማጠፍ) አሠራ። ሲቀመጡ ዳሌ ስለሚታጠፍ የኋላ ጭን ይለጠጣል። ከ12 ሳምንት በኋላ ተቀምጦ የሠራው 14 በመቶ፣ ተኝቶ የሠራው 9 በመቶ አደገ። ጂማችሁ ሁለቱም ማሽን ካለው እንግዲህ ምርጫው ቀላል ነው።

ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች የኋላ ጭናቸውን ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በፍጥነት ሲሮጡ፣ እግር ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል ነው፤ ጡንቻው በጣም የተለጠጠበት ሰዓት። ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ የተወደደው ለዚሁ ነው። ተንበርክካችሁ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታችሁን ይዞላችሁ፣ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት መውረድ። እግር ኳስ ላይ ይህንን አዘውትረው በሠሩ ቡድኖች የኋላ ጭን ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

ታዲያ ያ አንድ ስንዝር የሚሸበረከው ልጅ ዝም ብሎ ነው የሚለፋው? አይደለም። ከጉልበት ቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲጀምር ፎጣ ተጠቅልሎ ከጉልበቱ ሥር ይደረግለትና ወደ ታች ተጫን ይባላል። ያ ሙሉ በሙሉ ባጠረ ጡንቻ የሚሠራ ሥራ ነው፣ የመጨረሻዋን የመዘርጋት አቅም የሚመልሰውም እንዲህ ያለው ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ሎሚው፣ ማለትም ከጉልበት ፊት ያለው ክብ አጥንት፣ የሚያመውም ሰው ሕመሙ እስኪቀል ከትንሽ መታጠፍ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጤነኛ ጉልበት ይዞ በኪሎ ብዛት ለመፎከር ሲባል ብቻ ከሆነ ግን፣ ትንሽ ኪሎ አውርዶ ወደ ታች መውረድ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ተለጥጦ የተሠራ ጭን በማግስቱ ያማል፤ ደረጃ ስትወርዱ የብረቱን ድጋፍ ሙጭጭ ታደርጋላችሁ። ያንኑ ሥራ በሳምንቱ ስትደግሙት የዚያን ያህል አያምም።