«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እና ስለ ወሊድ ወጪ የምንሳሳታቸው ሌሎች ነገሮች

የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ ከጎረቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። ምክሩ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ገንዘብን በተመለከተ የተነገረኝ ግማሹ ትክክል እንዳልነበር የገባኝ ግን ከወለድኩ በኋላ ነው። አሁን እህቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። የገበያው ዋጋ በየወሩ በሚቀያየርበት በዚህ ጊዜ ያንኑ ምክር ለእሷም ሲደግሙላት ሰማሁ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ልጅ የራሱን ዕድል ይዞ ይመጣል፤ ምን ያስጨንቃል?»

አባባሉን አልጠላውም። እናቶቻችን በባዶ ቤት ስድስትና ሰባት ልጅ ያሳደጉት በዚህ ተስፋ ነው። ግን ዕድሉ መቼ እንደሚደርስ አይነግረንም። የሆስፒታል ወጪ ደግሞ ዛሬውኑ ነው የሚጠየቀው። ተስፋውን እንያዝ፤ ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት የሚሆነውን ብር ግን እኛው እናስቀምጥ።

«መንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው፤ ብር አያስፈልግም»

ግማሹ እውነት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል ያለ ክፍያ ይሰጣል። የሕፃኑ ክትባትም ነፃ ነው፦ እንደተወለደ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ቀጥሎ በ9 እና በ15 ወር። «ጥሩ እናት በግል ሆስፒታል ነው የምትወልደው» ብለው የሚያስጨንቋችሁን አትስሙ። ለዚያ ተብሎ የሚገባበት ዕዳ ልጁ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ አይለቅም።

ሌላውን ግማሽ በራሴ አየሁት። ምጤ የጀመረኝ ማታ ነው። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላከን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነርሷ ለባለቤቴ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጠችው። ጓንት፣ ግሉኮስ፣ አንድ መርፌ። «እዚህ አልቋል፤ ከውጭ ገዝተህ ና» አለችው። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ገንዘባችን ሁሉ ቴሌብር ላይ ነው። የመጀመሪያው ፋርማሲ ዝግ፣ የሁለተኛው ጠባቂ ከእንቅልፉ ነቅቶ ቢከፍትም የባለቤቴ ኪስ ውስጥ ያለው ብር አልሞላም። የጎደለውን የሞላለት ያመጣን የላዳ ሹፌር ነው። ባለቤቴ በማግስቱ ደውሎ ብሩን መለሰለት። ያ ሰው ባይኖርስ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ለሁለተኛው ልጃችን ባዶ የኒዶ ጣሳ ወሰድኩና ከአምስተኛው ወር ጀምሮ የተጣጠፈ ብር ማስገባት ጀመርኩ። ጣሳው ከሆስፒታል ሻንጣው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ለሌሊት ታክሲ፣ ለመድኃኒት፣ ለአስታማሚ ምግብ። ባንክ ያለው ብር ጥሩ ነው፤ ለዚያች ሌሊት ግን ጥሬ ብር ያስፈልጋል።

«ሳይወለድ መዘጋጀት ሟርት ነው»

ይህን በአክብሮት ነው የማነሳው። ከመውለዳቸው በፊት የልጅ ልብስ ቤታቸው ማስገባት የሚፈሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ፅንስ ያጣ ቤተሰብ ያለበት ሰው ፍርሃቱ ይገባዋል። ልብስ መግዛት ከከበዳችሁ አትግዙ። የልብሱን ዋጋ ግን አስቀምጡ። ጣሳ ውስጥ ያለ ብር ማንንም አያሳዝንም፤ ለሌላ ነገርም ይሆናል። ልብሱን ከወለዳችሁ በኋላ አክስት በአንድ ከሰዓት መርካቶ ወርዳ ትገዛዋለች። አብዛኛውን መግዛትም አያስፈልግም፤ የአዲስ ልጅ ልብስ በሳምንታት ውስጥ ይጠባል። የእኔ ሁለት ልጆች የለበሱት የጎረቤቴ ልጅ የለበሰውን ነው።

«ብሩ እየረከሰ ነው፤ አሁኑኑ ገዝታችሁ አከማቹ»

ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዳይፐር፣ የጣሳ ወተት፣ ብዙው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን አንዲት ጓደኛዬ ትንሹን ቁጥር ዳይፐር አንድ ቁምሳጥን ሙሉ ገዛች። ልጁ በሁለት ወሩ አለፈው። የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ሸጠችው። ከተቀመጠ የሚጠቅመው ቁጥር የሌለው ነገር ነው፦ ሳሙና፣ የልብስ ኦሞ፣ ለመጠቅለያና ለሽንት የሚሆን ንጹህ የጥጥ ጨርቅ፣ ለገንፎ የሚሆን ገብስ። ዳይፐሩን ለሌሊትና ለመንገድ፣ ጨርቁን ለቀን ካደረጋችሁት ወጪው በጣም ይቀንሳል። የቀረው በእጅ ይሁን። ትንሽ ቢረክስም እንኳ በችግር ቀን ከዳይፐር ክምር ይሻላል።

«የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ነው፤ ገቢዬ አይነካም»

በመጀመሪያ መብቱን እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄዱበት ጊዜም ይከፈልበታል፤ የሐኪም ማስረጃ መያዝ ብቻ ነው። ሴቲቱ ነፍሰ ጡር እያለችና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር፣ በሕጉ ከተዘረዘሩ ጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ አሠሪው ውሏን ማቋረጥ ክልክል ነው። ይህን ባለማወቅ ሆዳቸውን በሻርፕ የሚሸፍኑ፣ አንዳንዴም ራሳቸው ሥራ የሚለቁ ሴቶች አውቃለሁ። ያንገበግበኛል። ውላችሁ የጊዜ ገደብ ያለው ከሆነ ግን የሚያልቅበትን ቀን አሁኑኑ አይታችሁ ጠይቁ።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ ደመወዝና ገቢ አንድ አይደሉም። እኔ ሽያጭ ክፍል ነበርኩ፤ ከማገኘው ሲሶው ኮሚሽን ነበር። ያ ሲሶ ለአራት ወር ቆመ። ትርፍ ሰዓት የምትሠራም፣ ሆቴል ውስጥ በቲፕ የምትኖርም እንዲሁ ናት። ለእህቴ የነገርኳት ይህን ነው፦ ባዶውን ደመወዝ ብቻ ይዘሽ ከዚህ ወር ጀምሮ ለመኖር ሞክሪ፤ የተረፈው ወደ ጣሳው ይግባ። የት እንደሚጠብሽ ሳትወልጂ ታውቂዋለሽ።

ጀበና ቡና ለምታፈላ፣ ጉሊት ለምትቸረችር፣ ቤቷ ፀጉር ለምትሠራ ሴት ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣት የለም። የእሷ ትልቁ የወሊድ ወጪ ሆስፒታል አይደለም፤ ያልሠራችባቸው ወራት ናቸው። ማስላት ያለባት የቤት ኪራይን ነው። ሁለት ወር አስቀድማ ለአከራይዋ መክፈል ከቻለች ከየትኛውም የልጅ አልጋ ይበልጥባታል።

«ዕቁብ አለኝ፤ ይበቃኛል»

ዕቁብ ግሩም ነገር ነው። ችግሩ ምጥ የዕቁብ ተራ አይጠብቅም። ለሰብሳቢው ቀድማችሁ ንገሩ። ብዙ ዕቁብ ላይ ለቸገረው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከሌላ አባል ጋር ተራ መቀያየርም የተለመደ ነው። ሰዎች የሚዘነጉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ዕቁቡን ቀድማ የበላች ሴት ቀሪውን የምትከፍለው ገቢዋ በቀነሰባቸው በእነዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ከወጣው ብር ላይ የአራት ወር መዋጮውን መጀመሪያ ለዩት። ዕድር ላይ ደግሞ ብዙ አትመኩ፤ ዋና ሥራው ለቅሶ ነው።

ደመወዝተኛ ያልሆናችሁ በቀበሌያችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን ጠይቁ። በዓመት አንዴ የሚከፈል መዋጮ ነው፤ የሚታከመው ቤተሰቡ ነው። ልጁ ከታመመ በኋላ ሮጦ የሚገባበት ስላልሆነ ከወሊድ በፊት ተመዝገቡ።

«የጣሳ ወተት ካልጨመርሽለት አይጠግብም»

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፤ ውኃ እንኳ አይጨመርም። በሕክምና ምክንያት ፎርሙላ የሚያስፈልጋቸው አሉ፤ እነሱን ማንም አያሳፍራቸው። ለሌሎቻችን ግን የጣሳው ዋጋ ለእናቲቱ ምግብ ቢውል ይሻላል፦ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አጃ፣ አትክልት። ቅቤና ሥጋ ካልተበላ ወተት አይመጣም የሚባለውም ስህተት ነው። ወተት የሚመጣው ልጁ ደጋግሞ ሲጠባ ነው።

«ክርስትናው ካልተደገሰ ምን ይሉናል?»

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቤተ ክርስቲያን ጥምቀቱን እንጂ ድንኳን አትጠይቅም። ሙስሊም ወዳጆቼ የሚያርዱት አቂቃም አቅም ላለው እንጂ በዕዳ የሚደረግ አይደለም። አራሷ ገና አቅሟ ሳይመለስ የተበደርንበትን ድግስ ማስተናገድ ግን የእኛው ፈጠራ ነው። ለልጄ ክርስትና ዳቦ ጋገርን፣ ቡና አፈላን፣ ክርስትና እናቷ ጠላ አመጣች። በቃ። አራስ ሊጠይቁ ለሚመጡትም ምን ላምጣ ሲሉ በግልጽ ነገርናቸው፦ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ዳይፐር ባለ ትልቅ ቁጥር። ማንም አልተቀየመም።

«ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው»

አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ነው። ሦስት ቀን ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ለመግባት እንኳ አይበቃም። የዓመት ፈቃድ ግን በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት እንኳ 16 የሥራ ቀን ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ልጃችን ጊዜ የዓመት ፈቃዱን ለሰርግና ለበዓል ጨርሶት ስለነበር በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። እኔ ተሰፍቼ ተኝቼ፣ ልጅ የምትይዝልኝ ሴት በቀን ሂሳብ ቀጠርን። በሁለተኛው ግን ለመሥሪያ ቤቱ ከሦስት ወር በፊት ደብዳቤ አስገባ። አንድም ቀን ሳይነካ ያስቀመጠውን ፈቃድ ከሦስቱ ቀን ጋር አያይዞ ወሰደ። ገንፎውን እሱ አገነፋ፤ መጀመሪያ ቀን ጓጎለበት፣ በሦስተኛው ቀን ልክ ሆነለት። ለሞግዚት ሊከፈል የነበረው ብር ጣሳው ውስጥ ቀረ። የ6 ሳምንት ክትባት ስንሄድ የታክሲ የከፈልነው ከዚያው ነው።