ጁባ ለካርቱም የምትከፍለው የነዳጅ ክፍያ ምንድነው?

"ነዳጁ የደቡብ ሱዳን ሆኖ ሳለ ሱዳን ምን ቤት ናት?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ እስቲ ላፍታታው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2011 ሲለያዩ አብዛኛው የነዳጅ ጉድጓድ ደቡብ ቀረ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቧንቧና ወደቡ ፖርት ሱዳን ግን ሰሜን። በክፍያው አልስማማ ሲሉ ጁባ በ2012 መጀመሪያ ምርቷን ጭራሽ ዘጋች፣ ገቢዋ ከሞላ ጎደል ነዳጅ ብቻ መሆኑን እያወቀች! በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ።

ሰው የሚያምታታው ሁለት ክፍያዎችን ነው። አንደኛው የአገልግሎት ነው፦ ለማጣራት፣ ለቧንቧውና ለማለፊያ። ከላይኛው ናይል (የደቡብ ሱዳን ግዛት) ለሚመጣው በበርሜል 9.10 ዶላር፣ ከዩኒቲ (ሌላዋ ግዛት) ለሚመጣው 11 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ ንጹህ የማለፊያው ድርሻ 1 ዶላር ብቻ ነበር። ሁለተኛው በበርሜል 15 ዶላር፣ ሱዳን ላጣችው ገቢ ማካካሻ፤ ጠቅላላው 3.028 ቢሊዮን ዶላር እስኪሞላ ድረስ የሚከፈል ነበር።

ለምሳሌ በዚያ ውል የላይኛው ናይል ነዳጅ በ100 ዶላር ቢሸጥ፣ ሁለቱ ክፍያዎች ተደምረው 24.10 ሲቀነስ 75.90 ይተርፋል። በ30 ዶላር ቢሸጥስ? 5.90! ከዚያችም ላይ አውጪ ኩባንያዎቹ ድርሻቸውን ያነሳሉ።

ክፍያው በውል የተቆረጠ ነበር፤ የሚዋዥቀው የዓለም ዋጋ ነው። ለዚህም ነው ዋጋው ሲወድቅ በ2016 ክፍያውም አብሮ ከፍ ዝቅ እንዲል የተስማሙት። በ2024 ደግሞ በሱዳኑ ጦርነት የላይኛው ናይል ቧንቧ ሲቋረጥ ከዚያ ቧንቧ ሁለቱም አገሮች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፣ ያላለፈ በርሜል አይከፈልበትማ።