ጥቁር መሆን ብቻውን «ጥርጣሬ» አይደለም

ደብረ ማርቆስ እድራችን ላይ፣ ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ፖሊስ ልጄን ጥቁር ስለሆነ ብቻ ማስቆም ይችላል ወይ?»

በሕግ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1968 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው፣ ፖሊስ መንገደኛን ለማስቆም ዘርዝሮ ሊያስረዳው የሚችል ምክንያት ያስፈልገዋል። ሱቅ ተዘረፈ እንበል። ዘራፊው ቀይ ጃኬት የለበሰ፣ የሚያነክስ ጥቁር ወጣት ነው ከተባለ፣ እሱን የሚመስለውን ማስቆም ይቻላል። «ጥቁር ወንድ ነው» ብቻ ከተባለ ግን የሰፈሩ ጥቁር ሁሉ ሌባ ሊባል ነው!

በተግባር ግን ፍርሃቱ አለ። አሜሪካ ያለው የጎረቤቴ ልጅ ማታ ከሥራ ሲወጣ፣ ፖሊስ እንዳይጠረጥረው ብሎ በዚያ ብርድ የሹራቡን ቆብ ከራሱ ላይ ያወርዳል፤ ይህን ስሰማ አንጀቴ ያርራል።

ፖሊስ ያስቆመው ሰው ስሙን የመናገር ግዴታ አለበት ወይ የሚለው እንደየግዛቱ ይለያያል። ልጆቻችሁን «አትሩጡ፤ ‹መሄድ እችላለሁ?› ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁ» በሏቸው።